የእትዬ ካማላ መቁጠሪያ ክር

ክሩ የተበጠሰው ጠዋት በረንዳው ላይ ነው። እትዬ ካማላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ሲቆጥሩ ፍሬዎቹ ድንገት ከጣታቸው አምልጠው ሲሚንቶው ላይ ተበተኑ። መነን የራሷን መቁጠሪያ ይዛ ከወዲያኛው ጫፍ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም ምንም ሳይባባሉ ተንበርክከው መልቀም ጀመሩ፤ መነን ከወንበሩ ስር፣ እትዬ ካማላ ከአበባው ዙሪያ።

ቢባባሉም ባልተግባቡ። እትዬ ካማላ ልጃቸውን ተከትለው ከሕንድ አገር የመጡ ናቸው። ልጃቸው ራጋቫን አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መስኖ ያስተምራል፤ ሴቻ ሰፈር ያለውን የመነንን ሰርቪስ ቤት ከተከራየም ዓመት አልፎታል። እናትየው ከአገራቸው ቋንቋ ሌላ አያውቁም። አማርኛ የለ፣ ጋሞኛ የለ፣ እንግሊዝኛም የለ። መነን ደግሞ ወሬ የምትወድ ሴት ናት። ደብረ ማርቆስ ተወልዳ፣ በባሏ በአቶ ባዘዘው ሥራ ምክንያት እዚህ መጥታ፣ እሱንም እዚሁ ቀብራ፣ ከዞኑ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣች። ከማይሰማት ሰው ጋር በየጠዋቱ ዝም ብላ መቀመጥ መቻሏ ለራሷም ይገርማታል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ባሏ ለሞተባት ሴት ከቀኑ ሁሉ የሚከብደው ጠዋት ነው፤ እትዬ ካማላ በረንዳው ላይ ካሉ ደግሞ ጠዋቱ አይከብድም።

ራጋቫን በዋዜማው ለስብሰባ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ እናቱን አደራ ብሏት ነበር።

«ወይዘሮ መነን፣ እናቴ ስኳር አለ። ቁርስ አይለፍ» አላት በዚያ በሚያስቃት አማርኛው። «ግን ጸሎት ካልጨረሰ አይበላም። ከሌላ ሰው ቤትም አይበላም። አትቀየሚ።»

«ምን ያስቀይመኛል? እኔስ የጾም ሰው አይደለሁ?» አለችው።

እንግዲህ ክሩ ተበጥሷል፣ ጸሎቱ ተቋርጧል፣ ቁርሱም አብሮ ቀርቷል። ስልክ ሞከረች፤ ራጋቫን አያነሳም። መነን ግን አልደነገጠችም። መቁጠሪያ መጠገን የእሷ ሙያ ነው። የደብሩ ምእመን ሁሉ መቁጠሪያው ሲበጠስ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። አባቷ የብራና መጽሐፍ ይጠርዙ ስለነበር ከእሳቸው የተማረችው በክር ሳይሆን በጅማት መስካት ነው፤ የደረቀ የበሬ ጅማት በቀጭኑ ተሰንጥቆ፣ ተፈትሎ። «ክር በላብ ይበሰብሳል። እኔ የሰካሁት ግን ባለቤቱን ቀብሮ ይኖራል» እያለች ትኩራራለች። እውነቷን ነው፣ የቀበረም አለ።

እትዬ ካማላ ፍሬዎቹን በለበሱት ሳሪ ጫፍ ቋጥረው ይዘው አልሰጥም አሉ። መነን በጣቷ የመስካት ምልክት አሳየቻቸው። ደግማ አሳየች። በመጨረሻ ሰጧት።

ፍሬዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የበሶብላ ዘመድ ከሆነ ተክል እንጨት የተሠሩ፣ በዘይትና በጣት ብዛት የጠቆሩ። ራጋቫን አንዴ እንደነገራት እትዬ ካማላ መቁጠሪያውን የወረሱት ከእናታቸው ነው። መቶ ስምንቱም ተገኝተዋል፤ ተለቅ ያለችው አንዷም አለች። መነን ዓመቱን ሙሉ ከጎናቸው ስትቀመጥ ዓይኗ አላረፈም ነበርና፣ እትዬ ካማላ ትልቋ ፍሬ ላይ ሲደርሱ እንደማይሻገሯትና ወደ መጡበት እንደሚመለሱ ታውቃለች። ስለዚህ ትልቋን ለብቻዋ መጨረሻ ላይ አደረገቻት። በየፍሬው መሐል ቋጠሮ እንዳለም አልረሳችም። ጅማቱን በውሃ አለስልሳ ፈጥና ሰካችው።

ሲሰጧት የተጨነቁት ሴት ሲቀበሏት ፈገግ አሉ። መቁጠሪያውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ጣታቸው ቋጠሮው ላይ ቆመ። ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ምንድን ነው በሚል ወደ ጅማቱ አመለከቱ።

መነን ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። መጀመሪያ ሳብ ሳብ አድርጋ እንደማይበጠስ አሳየች። ቀጥላ ሁለት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ እንደ ቀንድ ቀስራ «እምቧ» አለች።

የእትዬ ካማላ እጅ ተከፈተ፣ መቁጠሪያው ወደቀ። መዳፋቸውን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አዩት። ያኔ ነው ለመነን የገባት። ከእነራጋቫን ቤት ዓመት ሙሉ የሥጋ ሽታ ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤት ለበዓል ሲያርድ መስኮት ይዘጋል። እኚህ ሴት ላም በበሩ ስታልፍ ወጥተው በእጃቸው ነክተዋት እጃቸውን ወደ ግንባራቸው የሚወስዱ ሴት ናቸው። መነን ያንን ከብት ነው ከጸሎታቸው ጋር የሰካችባቸው።

እትዬ ካማላ አልተቆጡም። ገብተው በሩን ዘጉ። የውሃ ድምፅ ተሰማ፤ ብዙ ውሃ።

መነን በረንዳው ላይ ቀረች። አፈረች፣ ከዚያም ፈራች። የፈራችው የራጋቫንን ቁጣ አይደለም። ነገ ጠዋት ያኛው ወንበር ባዶ እንዳይሆን ነው የፈራችው፤ ይልቁንም ባዶ የሚያደርገው ቅያሜ ሳይሆን ረሃብ ቢሆንስ?

በሩ ሲከፈት እትዬ ካማላ ጸጉራቸው ረጥቧል፤ ግንባራቸው ላይ ያለው ግን የገላ ውሃ ሳይሆን ላብ ነበር። ስኳራቸው እየወረደ ነው። መነን ሙዝ ይዛ ቀረበች፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። በስኳር የተበጠበጠ ውሃ አመጣች፤ ጭራሽ ፊታቸውን አዞሩ።

«እሺ እትዬ» አለች መነን። «ጸሎቱ መቅደም አለበት ማለት ነው።»

እፊታቸው ተቀምጣ ጅማቱን በመቀስ ቆራርጣ ጣለች። ፍሬዎቹን በሳህን አድርጋ ከእግራቸው ስር አስቀመጠችና እጇን ሰበሰበች። ማጠቡን አልደፈረችም፤ ሌላ ጥፋት እንዳትጨምር። እትዬ ካማላ ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ውሃ ደጋግመው አፈሰሱባቸው፣ እንጨቱ ሳይጠጣ ፈጥነው በጨርቅ አደረቁ፣ በኮባ ቅጠል ፀሐይ ላይ አሰጡ። ሲደርቁ እያንዳንዷን በሰሊጥ ዘይት በአውራ ጣታቸው አሹ።

አሁን የቀረው የክሩ ነገር ነው። መነን ከሱቅ የገዛችውን አመጣች፤ ገና ሳብ ሲያደርጉት ተበጠሰ። ወደ ጓዳ ሮጣ የፈትል ሙዳይዋን ይዛ ተመለሰች። ውስጡ ከጨንቻ ገበያ የተገዛ ጥጥ ነው፤ ተባዝቶ ለስልሶ ዶርዜ ለሚሸመን ነጠላ የተዘጋጀ። እትዬ ካማላ ባዘቶውን ሲያዩ ፊታቸው ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። ጨለፍ አድርገው በመዳፋቸው መካከል አሽከረከሩና የኩራዝ ክር የመሰለ ነገር አወጡ፤ ማታ ማታ ለሚያበሩት መብራት እንዲህ ነው የሚያዘጋጁት። መነን እንዝርቷን አነሳች። እሷ ትፈትላለች፣ እሳቸው ፈትሉን ደርበው በመዳፋቸው ያከሩታል። ቃል አላስፈለገም። ጥሩ ክር ወጣው።

መስካቱ ላይ ግን የእትዬ ካማላ ጣቶች ከዱ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። አንዴ ሞከሩ፣ ደገሙ፣ ከዚያ የክሩን ጫፍ ለመነን ዘረጉላት። በዚህ ጠዋት ያን ሁሉ ያደረሰባቸውን እጅ አመኑት። መነን ዓይኗ ውሃ ሞላ።

እሳቸው ፍሬ ያቀብላሉ፣ እሷ ትቋጥራለች። በየፍሬው ከንፈራቸው የአምላካቸውን ስም ያንሾካሹካል። መነን ይህን ስትሰማ እጇ ጥቂት ቀዘቀዘ፤ የነፍስ አባቷ ምን ይሏት ይሆን? በሆዷ ለእመቤታችን አስረዳች። «እናቴ፣ ስሙ የእሳቸው ነው፣ ቋጠሮው የኔ። የምፈልገው እንዲበሉልኝ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ።» መልስ ባይመጣም ቀጠለች።

ተለቅ ያለችው ፍሬ ተሰክታ ስታልቅ እትዬ ካማላ ጸሎታቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። መነን ላቡ በአንገታቸው ሲወርድ እያየች ቶሎ ቶሎ በሉ ማለት አማራት፤ አፏን ያዘች። ጣታቸው ትልቋ ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ገለጡ። ሊያበስሉ ብድግ አሉ፣ ግድግዳውን ያዙ፣ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

መነን ከላንቴ መንደር የመጣ ሙዝ ከነልጣጩ አምጥታ በእጃቸው ሳትሰጥ ፊታቸው ባለው ምንጣፍ ላይ አስቀመጠች። ልጣጩ ያልተነካ ነገር ከማን ቤት እንደመጣ ማን ያውቃል ብላ ነው። እትዬ ካማላ አነሱት፣ ላጡት። ወደ አፋቸው ሲወስዱ ቆም አሉና መነንን አዩዋት፤ የደረቀ ከንፈሯን፣ የቀላ ዓይኗን። ሙዙን ቆርሰው እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ሰባት ሰዓት ነው፤ መነን ደግሞ በዕድሜዋ ሙሉ ዓርብን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ገድፋ አታውቅም። ባዘዘው ከሞተ ወዲህ ግን ማንም አጉርሷት አያውቅም። አፏን ከፈተች፣ ጣታቸው ከንፈሯን ነካ።

የሰው አፍ የነካውን እጅ ሳይታጠቡ ምግብ የማይቀምሱት እትዬ ካማላ፣ ከጎናቸው ወዳለው ውሃ ዞር ብለው ሳያዩ፣ የቀረውን ሙዝ በዚያው እጃቸው በሉት።