ሥር አወጣች ወይ

ልብስ ሰፊዋ ጣሳው ላይ የደፋችውን በግማሽ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ስታነሳ፣ የጽጌረዳዋ ቁራጭ ዛሬም ጋደል ብላለች። ማታ ቀጥ አድርጋ፣ ዙሪያዋን አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠቅጥቃ ነበር የተኛችው።

"እጅ አለበት!" አለች።

"ነፋስ ነዋ" አላት ባሏ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ ከሻዩ ቀና ሳይል።

"ክዳን ከፍቶ፣ ነቅንቆ፣ መልሶ የሚከድን ነፋስ? የተማረ ነፋስ ነው በለኛ!"

እናቷ የተከለችው ጽጌረዳ አጥሩ እንደገና ሲገነባ ከነሥሩ ተነቅሎ ተጥሏል። የተረፉት ቀድማ ቆርጣ አሸዋ በተቀላቀለ አፈር የተከለቻቸው ቁራጮች ነበሩ፤ እነሱም አንድ በአንድ ጠቁረው ደረቁ። ይህቺ ካልጸደቀች የእናቷ አበባ አበቃለት።

የምትጠረጥረው ጎረቤቷን ፀጉር ሠሪዋን ነው። አንድ ቅርንጫፍ ለምና ተከልክላለች፤ ከዚያ ወዲህ ልብስ አሰጣለሁ እያለች በጣሳው አጠገብ ትመላለሳለች። ፈገግታዋ ሳይቀር ማስረጃ ሆኖባታል።

"እትዬ፣ አበባሽ ጸደቀልሽ?" አለቻት አንሶላ እየዘረጋች።

"አንቺ ታውቂያለሽ።"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ዓይንሽ ከጣሳው አልነቀል ብሎ ነዋ!"

ፀጉር ሠሪዋ ፊቷ ተለዋወጠ። "ኧረ እትዬ! ለአንዲት እንጨት?" ብላ እርጥቡን አንሶላ እንደታቀፈች ገባች።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ሥራ የሄደች መስላ ወጣችና በጓሮ ዞራ ከኩሽናው መስኮት ሥር አደፈጠች። ብዙም ሳትቆይ ባሏ ብቅ አለ። ግራ ቀኙን ቃኝቶ ፕላስቲኩን አነሳ። ቁራጯን እንደ ሞተር ዘይት መለኪያ ቀስ አድርጎ መዘዛት፤ ጫፏን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና መልሶ ሰካት።

"አንተ ሰውዬ!"

ክው አለ። "ሥር አወጣች ወይ ብዬ እኮ ነው... ቀድሜ ላበስርሽ።"

"የደረቁትንስ?"

"እነሱንም በየጠዋቱ አያቸው ነበር። ሳይታይ በምን ይታወቃል?"

ፕላስቲኩን ከእጁ ነጠቀችው።

"ዛሬ ግን ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። ላሳይሽ!" ብሎ እጁን እንደገና ሲሰድ፣ መታ አድርጋ መለሰችለት።

ጣሳውን አቅፋ ግቢውን አቋረጠችና የፀጉር ሠሪዋን በር አንኳኳች።

"እስክትጸድቅ አንቺ ጋ ትቀመጥ" አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት። "ስታድግ መጀመሪያ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ።"