የካፒቴን ኢብሴ የመጨረሻ ንግግር

ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከያዮ እስከ ኡካ ብትዞሩ የባህር ወንበዴን ነገር እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አታገኙም። ባህር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ የሶር ፏፏቴ ነው፤ እሱም ቁልቁል ይወረወራል እንጂ መርከብ አይሸከምም። ግን እኔ፣ ሳያት ገዛኸኝ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሰባት የባህር ወንበዴ ፊልም በዲቪዲ አለኝ። ሰባቱንም ድምፁን አጥፍታችሁ ብትከፍቱልኝ ማን ለማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እነግራችኋለሁ። እንግሊዝኛ ለእኔ ምንም ማለት አይደለም።

ደግሞ ዝም ብሎ ፊልም እንዳይመስላችሁ፤ የታደሱ ናቸው። የድሮ ፊልም ሲያረጅ ዝናብ ይዘንብበታል፤ ነጫጭ ጭረት ከላይ እስከ ታች። ድምፁም ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚያወሩ ሰዎች ድምፅ ይሆናል። አዳሾቹ ቁጭ ብለው ጭረቱን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፣ ድምፁን ያጠራሉ፣ የደበዘዘውን ቀለም ይመልሳሉ። ይኼን ሳስረዳት ጓደኛዬ ኢሊሊ፣ "እኛ አገር ዝናብ የሚያባራው ፊልም ውስጥ ብቻ ነው በይኛ" አለችኝ።

ዲስኮቹን ከጅማ የሚያመጣልኝ ሹፌሩ አጎቴ ምንዳዬ ነው። የምደብቃቸው ደግሞ ከእናቴ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዱን ዲስክ በክር አስራ፣ ጓሮ በቆሎው ላይ ሰቅላ ወፍ ስታባርርበት ደረስኩ።

"እማዬ! ምን ነካሽ?"

"ሲያብለጨልጭ ወፎቹ ይፈሩታል። ቁጭ ብሎ ከሚበላ ሥራ ይያዝ ብዬ ነው።"

የቀረኝ ስምንተኛው ነው፤ የካፒቴን ኢብሴ።

ካፒቴን ኢብሴን የማያውቅ የመቱ ልጅ የለም። ጋሼ ጎንፋ መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት በነበራቸው ጊዜ፣ ማይክራፎን ይዘው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ፊልሙን ይተረጉሙልን ነበር፤ በገበያ ቀን በኦሮምኛ፣ እሁድ በአማርኛ፣ ሰው ሲደባለቅ በሁለቱም። እኔ ያሉኝን ሰባቱንም የተረጎሙልን እሳቸው ናቸው። የኢብሴ ግን ይለያል። ቀይ መሃረብ ያሰረችው ካፒቴን አባቷን ያስገደለባትን የጉምሩክ ሹም ባህር ለባህር ስታሳድድ ትኖራለች። መጨረሻ ላይ ትይዘዋለች። ከዚያ መርከቧ ላይ ቆማ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ረጅም ንግግር ታደርጋለች። "አባዬ፣ ደምህ ከንቱ አልቀረም! እናንተ ወንድሞቼ፣ አባት የሌለው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እኔ አባቱ ነኝ!" እዚህ ሲደርሱ የጋሼ ጎንፋ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል። በተለይ ወንዶቹ።

በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ዲሽ ተከለና ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ጋሼ ጎንፋ እዚያው ቤት ሞባይል መጠገን ጀመሩ። ዘንድሮ ደግሞ ያዮ ያለችው ልጃቸው "አባባ ይብቃህ፣ እኔ ጋ ግባ" አለቻቸው። ይኼን እንደሰማሁ እየሮጥኩ ሄድኩ። የታደሰው የካፒቴን ኢብሴ ዲስክ እሳቸው ጋ እንዳለ አውቃለሁ። አጎቴ ምንዳዬ አንድ ብቻ አግኝቶ የሥጋ ዘመዱን ትቶ ለእሳቸው ሰጠ። እስከ ዛሬ አኩርፌዋለሁ።

"ጋሼ፣ ዲስኩን ለእኔ ይስጡኝ። ያዮ ምን ያደርግልዎታል?"

"እሰጥሻለሁ" አሉ፣ ከሚፈቱት ስልክ ላይ ቀና ሳይሉ። "የሚመጣው ቅዳሜ ነው የምሄደው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተርጉሚልኝ። እንግሊዝኛ ትችያለሽ አሉ።"

"ማን አለ?"

"አንቺ ነሻ። ለአገሩ ሁሉ።"

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት ጋሼ ጎንፋ ቤት ሞላ። ኢሊሊ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ኩመራ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ይዞት መጣ። ፊልሙ ተጀመረ። ጭረት የለ፣ ጭጋግ የለ፤ የካፒቴን ኢብሴ ጥርስ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ማይክራፎኑን ያዝኩና ትርጉሙን ለቀቅኩት። ከጋሼ ጎንፋ የሰማሁትን አንዲት ቃል ሳልጥል፣ የሳቁበት ቦታ እየሳቅኩ፣ የሳሉበት ቦታ ሳይቀር እየሳልኩ። የመጨረሻው ንግግር ላይ ድምፄን አንቀጠቀጥኩት። ግማሽ የተላጨው ሰውዬ አለቀሰ።

"አባት የሌለው ሁሉ! አይ ኢብሴ!" አለ ኩመራ ዓይኑን በፎጣው እየጠረገ።

እጄን ለዲስኩ ዘርግቼ ወደ ጋሼ ዞርኩ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ምነው ጋሼ? የሳትኩት አለ?"

"አንድም አልሳትሽ። ክፋቱ እሱ ነው።" ሰዉ እስኪወጣ ጠበቁ። እኔና ኢሊሊ ብቻ ስንቀር በሩን ገርበብ አደረጉት። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።"

"የቱን?"

"ሁሉንም። አባቷን፣ ጉምሩኩን፣ ንግግሩን። እኔ እንግሊዝኛ ከሰላምታ አላልፍም። የድሮው ካሴት ደግሞ ድምፁ አይሰማም። ሰው ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ ምን ላድርግ?"

"ኢብሴ የሚለውስ ስም?"

"አክስቴ ናት። ቁጣቸው ይመሳሰላል።"

"ሌሎቹስ? ሰባቱ?" አለች ኢሊሊ። እኔ መጠየቅ ፈርቼ ነበር።

"ሰባቱም።"

ኢሊሊ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ለነገሩ አልታፈነም።

ጋሼ ጎንፋ ዲስኩን ከማጫወቻው አውጥተው በእጃቸው ያገላብጡት ጀመር። "አሥራ አራት ዓመት በዚች ሴትዮ ስም ሳወራ ኖርኩ። እሷ ራሷ ምን እንዳለች አላውቅም። ይኼን ያስመጣሁት ድምፁ ጠርቷል፣ ከሥር ጽሑፍ ይወጣለታል ስላሉኝ ነው። ወጣ፤ ማን ያንብበው? አንቺ ስትፎክሪ ስሰማ ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ ምን እንደምትል ሳላውቅ ያዮ ብገባ ይቆጨኛል።"

እውነቱን ልናገር፤ አዲስ ውሸት ልፈጥር አስቤ ነበር። አንድ ሁለት ነገር ለውጬ "ይኼውልዎት" ብል ማን ያውቃል? ግን ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። አማርኛው ከአፌ አልወጣ አለኝና፣ "ሂን ቤኩ" አልኩ። አላውቅም። "እንግሊዝኛ አርባ አንድ ነው ያመጣሁት።"

"ከሃምሳ?"

"ከመቶ።"

"እሱስ ግድ የለም። አርባ አንዱን ይዘሽ ግቢበት። እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ።"

ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀጥታ እዚያ ሆንን። እኔ ማቆሚያውን እጫናለሁ፣ ኢሊሊ መዝገበ ቃላት ትገልጣለች፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የሪሞቱ ባትሪ ሲደክም አውጥቼ እነክሰዋለሁ። ማክሰኞ መብራት ሄዶ ረቡዕ አመሻሽ ላይ መጣ። የጉምሩክ ሹሙ ባሏ ሆኖ ተገኘ። አባቷ ጭራሽ ፊልሙ ውስጥ የለም። ጋሼ ጎንፋ ዕቃቸውን ማዳበሪያ ውስጥ እየከተቱ በመካከል ብቅ ይላሉ፤ "መጨረሻው ጋ ደረሳችሁ?" "ገና ነው ጋሼ።" ይመለሳሉ።

ዓርብ የመጨረሻው ንግግር ጋ ደረስን። ሁለት ጊዜ ተረጎምነው፤ በመጀመሪያው የተሳሳትን መስሎን። ከዚያ ጋሼ ጎንፋ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል። ከደብተሬ አነበብኩ።

"'ይኼ መርከብ ሸቷል። ዛሬ ሳይታጠብ ማንም ምሳ አይበላም። ባልዲው የታለ? ትናንት እዚህ ነበር። ባልዲውን የወሰደ ሰው አሁን ይመልስ።' ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ 'አንተንም ይጨምራል' ትላለች። አለቀ።"

የጋሼ ጎንፋ ትከሻ ይነቃነቅ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"ባልዲ!" አሉ። "መቱን በሙሉ ለባልዲ አስለቀስኩት!" ሳቃቸው ኩመራን ከነመቀሱ ከጎረቤት ጠራው። እስኪረጋጉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዲስኩን ከነልባሱ እጄ ላይ አስቀመጡና እጄን ጨበጡኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው።

ስምንት ሞላልኝ። ደረቴ ተነፋ፤ ምን ላድርግ፣ ይነፋል።

"አያስቡ ጋሼ" አልኩ። "ቪዲዮ ቤቱን እኔ እከፍተዋለሁ። ማይክራፎኑን ይተዉልኝ። በእውነተኛ ትርጉም፣ አንድ ውሸት ሳይገባበት! ከኖፓ ድረስ ሰው ይጎርፋል።"

ጋሼ ጎንፋ ለነገው መንገድ ማዳበሪያውን ትከሻቸው ላይ ሞከሩት።

"በዚህ አካሄድሽ? አንድ ፊልም በሳምንት?" አሉኝ። "ላጤ ሆኖ የገባ ተመልካች የልጅ ልጁን ይዞ ነው የሚወጣው።"