በሩ ላይ የተሰቀለው ገመድ

አናጢው ሚስቱ ስትስቅ ከሰማ ሦስት ወር አልፎታል። ዛሬ ሰማት። ያሳቃት ግን እሱ አይደለም።

ስትሮክ ቀኝ ክንዷን ከትከሻዋ ጀምሮ ካዛለባት ወዲህ ያጠባት፣ ያለበሳት፣ ያጎረሳት እሱ ነው። አንድ ቀን ጥርሷን አላሳየችውም። ከክሊኒክ የሚላከው ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን ገና ሲገባ ፊቷ ይፈታል። አናጢው በልቡ «ወጌሻው» ነው የሚለው።

ወጌሻው የዛለ እጇን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ፣ ጨርቁን በጠረጴዛው ላይ እንድትገፋ ያደርጋታል። «እትዬ፣ እስቲ ቫርኒሽ ይቀቡልኝ» ይላታል። ሠላሳ ዓመት የባሏን በርና ቁም ሣጥን ስትቀባ የኖረች ናት።

«ይኼን ጠረጴዛ ማነው የላገው?» አለች። «ገና ሸካራ እኮ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። የላገው ሰው ከበሩ ጀርባ ቆሟል። እጇ አንድ ስንዝር ስትሄድ በስንጥቁ አየ። ለእሱ አንድ ጣት ነቅንቃለት አታውቅም።

ወጣቱ ሲወጣ፣ «አባባ፣ አደራ፣ ክንዳቸውን ይዘው እንዳይጎትቷቸው» አለ። «ሲቀመጡ ክንዳቸው ትራስ ላይ ይረፍ። ሲያለብሷቸው ከደከመው እጅ ይጀምሩ።»

«እሺ» አለ አናጢው፣ በልቡ ግን ተናደደ። እኔን አባባ፣ እሷን እትዬ! የምበልጣት በሦስት ዓመት ነው።

በማግስቱ የበሩ መቃን ላይ ፑሊ የሚሉትን ትንሽ መዘውር ቸነከረ። ገመድ አሳለፈበት፤ በሁለቱ ጫፍ የእንጨት እጀታ አሰረ። ደህናው እጅ ወደ ታች ሲስብ የታመመው ወደ ላይ ይወጣል።

«እሱ ነው ያዘዘው?» አለች።

ጥያቄዋ እንደ ስንጥር ገባበት። «የተጣበቀ በር ማስከፈት ከማንም አልማርም።»

«እኔ በር ነኝ?»

«ሳቢ ይልቅ!»

የዛለው እጇ መጨበጥ ስላልቻለ በጨርቅ ከእጀታው ጋር አሰረላት። ሳበች። ክንዷ ከራሷ በላይ ወጣ።

«አየሽ?» አለ፣ ፊቱ በርቶ።

ከንፈሯን ነክሳ ፊቱን አየችው። «አየሁ» አለች።

አራት ቀን ሳበች። በአምስተኛው ወጣቱ መጥቶ ክንዷን እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ ቢያነሳው ጮኸች። ትከሻዋ አብጧል። ወጣቱ ዞር ሲል ገመዱን አየ።

«ይኼን ማን ሠራው?»

አናጢው አፉን ሳይከፍት ቀደመችው። «ሥራልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ ጡንቻው ላልቶ አጥንቱን በደንብ አልያዘውም። በኃይል ወደ ላይ ሲሳብ ውስጡ ይጎዳል። በዚሁ ከቀጠለ ሕመሙ ክንዱን ጨርሶ ያስተኛዋል።»

አናጢው መዶሻውን አምጥቶ ፑሊውን ነቀለ። ሰድባው ቢሆን በተሻለው ነበር። በሰው ፊት ሸፈነችው፤ ያውም በዚህ ሰው ፊት።

«አሳየኝ» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል።

ወጣቱ የአናጢውን መዳፍ ከትከሻዋ አጥንት ሥር አስገባለት፤ ሌላኛውን እጁን ክንዷን አስደገፈው። «አይሳቡ፣ አባባ። ተሸክመው ወደፊት ብቻ።»

ክንዷ ውኃ እንደጠጣ እንጨት ከበደው። በቀስታ ገፋ። አልጮኸችም። ግን ዓይኗ እሱን ዘሎ ወጣቱ ላይ አረፈ።

«ልክ ነው?» ብላ ጠየቀች። ወጣቱን።

አናጢውን አንጀቱን ቆረጠው። እጁን ግን አላነሳም።

«ልክ ነው» አለ ወጣቱ። «እንዲያውም እሳቸው እንዲህ ከያዙት፣ እኔ አልፎ አልፎ ብቅ ብል ይበቃል።»

ይህን ቃል አናጢው ስንት ቀን ተመኝቶታል። አሁን ያበጠውን ትከሻ አየ።

«የለም» አለ። «እንዳስለመድከው ና። ቀን እንዳታጎድል።»

«አንተ! ምን ነካህ ዛሬ?» አለች ሚስቱ።

«ዝም ብለሽ ክንድሽን ጣይብኝ።»