አርባ ሦስቱ አልዓዛሮች

በቪያሴርና ከተማ የአርባ ሦስት ሙታን አለቃ እኔ ነበርኩ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ስለሆንኩ የመራጮች መዝገብ በእጄ ነው። እኛ ዘንድ መራጭ ቢሞትም ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ከስሙ አጠገብ በእርሳስ ትንሽ መስቀል ይደረግለታል። የምርጫው ለት የከተማው ጌታ ዶን ባልታሳር ከእርሻው ሠራተኞች አርባ ሦስቱን ይልካል። እያንዳንዱ የአንድ ሟች ስም ጠርቶ ለሊበራል ፓርቲ ድምፅ ይሰጣል። ከመቃብር ተነሥተው ስለሚመጡ አልዓዛሮች እንላቸዋለን። ብዙ ዘመን እንዲህ ስንኖር ማንም ቅር አላለውም፣ ሙታኑም ጭምር።

ነገሩን ያበላሸችው ማድሪድ ናት። የፓርቲው ሁለተኛ ሰው ከአለቃው ጋር ተኳርፎ ተከታዮቹን ይዞ ወጣና «እውነተኛው ሊበራል እኔ ነኝ» አለ። በሳምንቱ እኛ የምንጠጣበት የፓርቲው ክበብ ለሁለት ተከፈለ። መድኃኒት ቀማሚው ዶን ኒካሲዮ አባድ ብርጭቆውን አንሥቶ ከተገንጣዮቹ ጋር መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ዶን ባልታሳር ከምድጃው አጠገብ ቀረ። እኔ ቆሜ ጠጣሁ።

«አማዶር፣ ምን ይገትርሃል?» አለኝ ዶን ባልታሳር። «ኪንታሮት ወጣብህ እንዴ?»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«አፍታታ። አልዓዛሮቼን ለዚያ ሽሮፕ ሻጭ የሰጠህ ለት ግን አንተንም እነሱ ዘንድ ነው የምሰድህ።»

እየሳቀ ነው ያለኝ። የፈራሁትም ሳቁን ነው። አምና ከአንድ የወይን ለቃሚዎች አለቃ ጋር እንዲሁ እየሳቀ ሲያወራ አይቻለሁ፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ከውኃ ጉድጓድ ሞቶ ወጣ። ሰክሮ ወድቆ ነው ተባለ። መጠጥ የሚባል በአፉ ዞሮ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ለልጄ የሳል መድኃኒት ልገዛ ዶን ኒካሲዮ ዘንድ ሄድኩ። ጠርሙሱን እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«ከሙታንህ መጀመሪያ የተጻፈው ሊዮንሲዮ አባድ ነው አይደል? አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ባልታሳርን ከቁንጫ ለይቶ አያየውም ነበር። ዝርዝሩን ስጠኝ።»

«እኔ እኮ ተራ ጸሐፊ ነኝ፣ ዶን ኒካሲዮ።»

«እሱን ለዳኛው ትነግረዋለህ። የቤተ ክርስቲያኑን የቀብር መዝገብ ይዤለት እቀርባለሁ፤ መስቀሎቹ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆኑ እሱ ይየው። ሳሉ ካልተዋት ተመልሰህ ና።»

እቤት ገብቼ የሆነውን ተናገርኩ። ባለቤቴ ካሲልዳ ሁሉንም ሰማችኝ።

«አንዱን ምረጥና እሱን ብቻ ፍራ» አለችኝ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

እውነቷን ነበር። እኔ ግን አንዱ ወገን ወህኒ፣ አንዱ ወገን ጉድጓድ ሆነብኝና ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። አንዱን ለዶን ባልታሳር፣ አንዱን ለዶን ኒካሲዮ ሰጠሁ። ቀድሞ የመጣ ይመርጣል፣ የዘገየውን «በዚህ ስም ድምፅ ተሰጥቷል» እለዋለሁ ብዬ ነበር። በሁለት ቢላ የመብላት ልምድ የለኝም።

እሑድ ጠዋት የምርጫ ጣቢያው በር እንደተከፈተ ከሁለቱም ወገን የመጀመሪያው አልዓዛር እኩል ገባ። የሁለቱም ዝርዝር የሚጀምረው በአንድ ስም መሆኑን አላሰብኩትም።

«ሊዮንሲዮ አባድ» አለ የዶን ባልታሳር እረኛ።

«ሊዮንሲዮ አባድ» አለ የዶን ኒካሲዮ ፀጉር አስተካካይ።

ዶን ኒካሲዮ ከዶን ባልታሳር ጎን፣ ከታዛቢዎች ወንበር ተነሣ። «ይሄ የበግ በጠጥ የሚሸት ነው አባቴ?»

«ያንተስ አባት የሰው ፂም መላጨት የጀመረው ከሞተ በኋላ ነው?» አለ ዶን ባልታሳር።

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱ ጌቶች ዝርዝራቸውን አውጥተው ጎን ለጎን አስተያዩት። ሁለቱም በእኔ እጅ የተጻፉ ናቸው። ሳቁ ቆመ፣ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

በዚያች ሰዓት ቴሌግራም ባይመጣ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ዶን ባልታሳር ጮክ ብሎ አነበበው፦ ተገንጣዩ ከአለቃው ጋር ታርቋል፣ ሚኒስትር ሆኗል፣ ፓርቲው አንድ ነው። ሁለቱ ጌቶች ትንሽ ተያዩና በሕዝብ ፊት ተቃቀፉ። እኔም ከሁሉ ይልቅ አጨበጨብኩ፣ ከሞት የተረፍኩ መስሎኝ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ ሲታረቁ እሱው ሳር ላይ እንደሚተኙ ረስቼ ነበር።

ዶን ባልታሳር መዝገቡንና እርሳሱን ጠየቀኝ። ከአንድ ስም አጠገብ አንዲት ነገር ጫር አድርጎ ለዶን ኒካሲዮ አሳየው። ዶን ኒካሲዮ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

«ወደ ቤትህ ሂድ፣ አማዶር» አሉኝ ሁለቱም፣ በሚያባብል ድምፅ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ። ጠጋ ብሎ ሰላም ያለኝ ግን አልነበረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በራችን ተንኳኳ። ካሲልዳ ከፈተች፤ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። የመጣው የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ኤውቲሚዮ ነው፣ ስንት ዓመት አብረን እንጀራ የበላን ሰው። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ዶኛ ካሲልዳ» አለ። «መዝገቡ ላይ አይተን ነው። የሟቹን የቢሮ ቁልፍ ተቀብለህ ና ብለውኛል።»

«ኤውቲሚዮ፣ ይኸው አለሁ እኮ» አልኩት።

ዓይኑ እንባ ሞላ እንጂ ወደ እኔ አልዞረም። ካሲልዳ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ራሴ ዘረጋሁለት። እሱም ከእኔ እጅ ወስዶ እሷን አመሰገነ።