ጄሶ ያዳነው እግር

ወንድሜ ሙንዒም የሠራው ሐውልት በሚመረቅበት ቀን፣ እናታችንን ላላ ራቅያን ደግፌ በቴቱዋን ከተማ ወዳለው የመድኃኒት ዕፅዋት መናፈሻ ሄድን። አዲሱን ጀላባዋን ለብሳለች። መንገዱን ሙሉ ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች፣ "የዛሬው በዓል እግሬን በጄሶ ያዳነልኝ የልጄ ነው" ትላለች።

ጄሶ ማድረጉስ እውነት ነው። ባለፈው ክረምት እግሮቿ አብጠው፣ ቁስሏ እያዠ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ሙንዒም ከጉልበቷ ጀምሮ እስከ እግር ጣቷ ጄሶ ለጠፈላት። "የወጌሻ መድኃኒት ነው ይማ እናቴ፣ ትንሽ ቻይው" አላት። ቻለችው። ሲደርቅ ሰንጥቆ አውልቆ ወሰደው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ተሽሎኛል ባይ ናት፤ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግለታለች።

ሐውልቱን የሸፈነው ጨርቅ ሲነሳ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ጄሶው ለካ የእግሯን ቅርጽ መውሰጃ ነበር። በጥብስ ቅጠሉ መሃል ሁለት እግሮች ቆመዋል፤ ከጉልበት በላይ የላቸውም። ያው የእናቴ እብጠት፣ ያው የተጣመመ አውራ ጣቷ። የደም ሥሮቿን እንደ ዛፍ ሥር አጉልቷቸዋል። በቁስሏ ቦታ ቀዳዳ ትቶ ጦስኝ ተክሎበታል፤ በቱቦ የገባው ውሃ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ሰዉ አጨበጨበ። አንዷ እንግዳ ጣቷን ቁስሉ ውስጥ ከታ ቅጠል ቀነጠበችና አሸተተች። የእናቴን እግር አባቴ እንኳ በብርሃን አይቶት አያውቅም።

ሙንዒምን ክንዱን ይዤ ወደ ጥግ ሳብኩት።

"አንተ ወራዳ፣ ምንድን ነው ያደረግከው?"

"ቀስ በይ ሁርያ። ፊት የለውም እኮ፤ ማን ያውቃታል?"

"እሷስ?"

"ዓይኗ ደክሟል" አለና ሳቀ።

አስጠላኝ። ያ በጄሶ የነጣ እጁ አስጠላኝ፤ ከአንድ ገበታ መብላታችንም አስጠላኝ።

እናታችን ግን ሐውልቱ አጠገብ ደርሳ ነበር። ጎንበስ ብላ በእጇ ዳበሰችው። አውራ ጣቱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ የራሷን እግር ወደ ጀላባዋ ውስጥ ሰበሰበች።

"ሙንዒም ልጄ፣ የማን እግር ነው?"

"የማንም አይደለም ይማ። ዝም ብዬ ያሰብኩት ነው።"

"ምስኪን" አለች፤ "የሚሸፍናት ልጅ የላትም መሰለኝ።"

ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ እግሮቹ ላይ ጠመጠመችው። ስንመለስ በመንገድ ላይ ማንንም አላስቆመችም።