ቀመር ወርፋ ሰሜን ሰፈር ለቅሶ የደረሰች ዕለት

የኮሎኔል ጅርዴ መሞት ለሕክምና ከሄደበት ከናይሮቢ የተሰማው ከቀትር ሶላት በኋላ ነበር። ወዲያው በኛ በደቡብ ሰፈር ተኩስ ቀለጠ። ከሰሜን ጉብታ ላይ መድፉን ወደ እኛ አዙሮ ስንቱን ቤት ያፈረሰ ሰው ነበርና ወጣቶቹ ክላሻቸውን ሰማይ ላይ ደግነው ደስታቸውን ገለጡ። በወዲያኛው ሰፈር ደግሞ ሴቶች እየጮኹ ያለቅሱ ነበር። ለነሱ በድርቁ ዓመት ያበላቸው፣ ማንም ሳይደርስላቸው የደረሰላቸው አባት ነው። ከተማችን አንድ ናት፤ ተኩሱንም ልቅሶውንም ያው ነፋስ ነው ያመጣልን።

ቀመር ወርፋ ውኃ ከሚያመላልሱት ቦቴዎቿ አጠገብ ቆማ ሰማች። ባሏ የሞተባት፣ በሽማግሌዎቹ የሰላም ጉባኤ ውስጥ የምትቀመጥ ብቸኛ ሴት ናት። የበኩር ልጇን ዮኒስን የገደለው የኮሎኔሉ መድፍ ነው። ሰው ሁሉ እልል ትላለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ የሰፈሩን ታጣቂዎች ወደሚመራው ወደ ዴሬ ሄደች። ዴሬ ማለት ረጅሙ ማለት ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም።

«ተኩሱን አስቁም» አለችው።

«ኤዶ፣ ዛሬን እንኳ ተዪና! የልጅሽ ገዳይ እኮ ነው የሞተው!» የሥጋ ዘመዷ አይደለም፤ ግን የሰፈሩ ወጣት ሁሉ አክስቴ ለማለት ኤዶ ይላታል።

«ልጄን ማን እንደገደለው አንተ ነህ የምትነግረኝ? ይልቅ እኔ ልጠይቅህ። የሁለቱ ሰፈሮች የተኩስ አቁም በማን ቃል ነው የቆመው?»

ዴሬ አፈሙዙን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ።

«ያልተጻፈ፣ ያልታተመ፣ የሟቹ ቃል ነው» አለች ቀመር። « ሰውየው ሲቀበር ቃሉም አብሮት እንዳይቀበር ሄደን መያዝ አለብን። በል፣ ልጆችህን ዝም አሰኝ።»

እየተነጫነጨ አስቆማቸው።

ሽማግሌዎቹ በጎሳው አለቃ በኡጋስ ሮብሌ ግቢ ተሰበሰቡ። ቀመር፣ ለቅሶ እንድረስ፣ ስትል ግቢው ተንጫጫ። ሐጂ ጌሌ፣ በምላሱ የሚፈራ የግመል ነጋዴ፣ ከትከት ብሎ ሳቀባት።

«ጅብ ሞተ ብላ ግልገሎቹን ልታጽናና የሄደች ፍየል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ፍየል ብሆንማ እዚሁ ካንተ ጋር እቀር ነበር» አለችው።

የሳቁት ሲበረክቱ ሐጂ ጌሌ ጺሙን አሻሸ። «ልጅሽ ግን ቀመር? አጥንቱ ምን ይላል?»

«የሞተውን ልጄን ሰዓት ባገኘሁ ቁጥር አስበዋለሁ። አሁን ግን ስላልሞቱት ነው የምናገረው። የኮሎኔሉ ልጅ ጉሌድ ዛሬ አባቱን ያጣ፣ መድፍ የወረሰ ሰው ነው። በዙሪያው በለው፣ በለው የሚሉት ሞልተዋል። ከኛ ወገን የሚሰማው ተኩሱን ብቻ ከሆነ ነገ ምን ያደርጋል?»

ኡጋስ ሮብሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ እሄዳለሁ። የሚመጣ ይምጣ።»

በማግስቱ ጠዋት ያለ መሣሪያ ሄዱ። ሐጂ ጌሌም መጣ። «ብቻዋን ሄዳ እንዳትሰድባቸው ብዬ ነው» አለ።

ኬላው ላይ የቆመው ጠባቂ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። «ልታጽናኑ ነው ወይስ እውነት መሞቱን ልታረጋግጡ?»

ሐጂ ጌሌ አፉን ሊከፍት ሲል ቀመር፣ «ዋጠው!» አለችው። ዋጠው።

ጉሌድ እንቅልፍ ባጡ ዓይኖች ድንኳኑ በር ላይ ጠበቃቸው። ለኡጋሱ ሰላምታ መለሰ፤ ከዚያ ወደ ቀመር ዞረ።

«ትናንት ደስታችሁን ሰምተናል። ዛሬ ደግሞ እንባ ይዘሽ መጣሽ?»

«እንባ አልያዝኩም» አለች። «ላባትህ አላለቀስኩም፤ ልዋሽህ አልችልም። ስለ ተኩሱ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሰው ሬሳ ላይ አይጨፈርም።»

«የተኮሱትን ስጡኛ!»

«እነሱን አልሰጥህም። ይቅርታዬን ውሰድ።»

ከኋላው የቆሙት አጉረመረሙ። አንዱ፣ «ውጡ በላቸው!» ብሎ ጮኸ። በዚህ መሐል ቁርኣን ሲቀራ የነበረው ሼኽ ቀና አለ። «ለሙታን መልካማቸውን አንሡ ተብለናል። እዚህ የገባ ሁሉ ስለ ሟቹ አንድ መልካም ነገር ተናግሯል። እናንተስ?»

ቀመር መሬት መሬቱን አየች። ፈልጋ ፈልጋ አንድ አገኘች መሰል፣ ወደ ጉሌድ ዞራ ተናገረች።

«ቃል ከሰጠን በኋላ ቃሉን አላጠፈም። ጉድጓዱ ባንተ ወገን ነው፤ ውኃው ለኔ ሰፈር ነው። ታሞ ተኝቶ ሳለ እንኳ ቦቴዎቼ ይህን ኬላ ሲያልፉ የነካቸው የለም። ከዚያ በፊት የሠራውን አላህ ይፍረደው። ይህን ግን ሠርቷል፤ እመሰክራለሁ። የመጣሁትም ቤቱንና መድፉን ስትወርስ ያን ቃልም ወርሰህ እንደሆን ልጠይቅህ ነው።»

ጉሌድ መልስ ሳይሰጥ የሴቶቹ መጋረጃ ተገለጠና የሟቹ ሚስት ሐሊሞ በነጭ የሐዘን ልብሷ ወጣች። ቀመርን ፊት ለፊት ቆማ አየቻት።

«ልጅሽ ማን ይባል ነበር?»

«ዮኒስ።»

«አላህ ይማረው።»

ከዚያ ሰፈር ሰው የዮኒስን ስም የጠየቃት የለም ነበር። ቀመር፣ «ባልሽንም» ለማለት አፏን ከፍታ አቃታት፤ ዳግም ሞክራ ቃሉን አወጣችው። ሐሊሞ ወደ ልጇ ዞረች። «እንግዶችህን እንደቆሙ ነው የምታስተናግደው?»

ምንጣፍ ተነጠፈ። ሥጋና ሩዝ ቀረበ። ጉሌድ ብዙ ሳይበላ፣ «ኤዶ» አላት፤ ሐጂ ጌሌ ይህችን ቃል ሲሰማ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «ያባቴ ቃል እስክንነጋገር ይጸናል። ለንግግሩ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

ሲመለሱ የጠበቃቸው ሁሉ ደስ አላለውም። የቀመር ያጎት ልጅ ሰላምታዋን ሳይመልስ አለፈ። ቤት ስትገባ ትንሿ ልጇ፣ «ይቅር አልሻቸው?» ስትላት፣ «ይቅርታ የጠየቀኝ የለም» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሲወጣላት ተነሥታ ኡጋሱ ጋ ሄደች፤ ለንግግሩ የሚቀመጡ ሰዎች መመረጥ ነበረባቸው።

ጉሌድ እንዳለው መጣ። በመንገዱ ማንም እንዳይነካው ዘቡን የመራው ዴሬ ነው፤ ፊቱ እንደጠቆረ፣ ግን ቀመር ባዘዘችው መሠረት። ንግግሩ ሳይሟሟቅ በጩኸት ተበጠበጠ፤ በጦርነቱ የተያዙት እስረኞች ሲለቀቁ የማን ይቅደሙ በሚለው ላይ ተፋጠጡ። ጉሌድ ተነሥቶ ጫማውን ፈለገ።

«ተቀመጥ ልጄ» አለችው ቀመር፣ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ። «እኔም መሄድ አምሮኛል። ግን አልሄድም።»

ቆሞ አያት፤ ተቀመጠ። ስንት ጊዜ ተቀምጠው፣ ስንት ጊዜ ተኳርፈው፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት እስረኞቹ ከሁለቱም ወገን ባንድ ቀን ተለቀቁ።