ግሌኒስ ጎብጧል ያለችው ብረት

እኔ ሞኝ ነኝ። ሰው ሳይለኝ ራሴ ልበለውና ይውጣልኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የባቡር ሐዲድ ስጠግን ኖሬ፣ የጎበጠ ብረት ከሃምሳ እርምጃ የምለይ ሰው፣ የገዛ ሚስቴ ዓይን አፍንጫዬ ሥር ሲጠፋ አላወቅኩም። አላወቅኩም ማለትም ውሸት ነው። ነግራኛለች።

ግሌኒስ ያደገችው ማሪ ከምትባለው መንደር ወዲያ፣ ኤየር ሐይቅ አጠገብ በነበረ የከብት እርባታ ነው። ሐይቅ ይባላል እንጂ ጨው ነው፤ ዓይን እስከሚደርስ የደረቀ ነጭ ጨው። በደንብ የሚሞላው በሰው ዕድሜ ሁለቴ ቢሆን ነው። እሷ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ሞላ። የዚያ አገር ልጅ ለትምህርት ከተማ ይላካልና እሷ አደላይድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች። ጎርፉ መንገዱን ስለቆረጠው ለዕረፍት እንኳ አልተመለሰችም፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ቤተሰቡ እርባታውን ለቅቆ ወጥቶ ነበር። እቤት የነበሩት ወንድሞቿ ግን አዩት። በጀልባ ቀዘፉበት። ይኸው አርባ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር በየገናው ምሳ ላይ ያችኑ ጀልባ ያነሳሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እሷ ሰላጣ ታዞራለች።

ዓምና የግራ ዓይኗ መሃሉ ጠፋ። በዚያ ዓይን ሰው ስታይ ጆሮውን ታያለች፣ አፍንጫውን አታይም። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ግን ቁም ነገረኛ። እሷን ሳይሆን እኔን እያየ፣ "ቀኙም ሊከተል ይችላል" አለ። "ቀጥ ያለ ነገር ጎብጦ ከታያቸው፣ የበር መቃን ይሁን የመብራት እንጨት፣ የዚያኑ ቀን ያምጧቸው። ነገ እንዳይሉ። ቶሎ ከደረስን እናተርፈዋለን።"

"ገባኝ" አልኩት። ገብቶኝ ነበር እኮ!

ዘንድሮ ሰሜኑን ዝናብ ደበደበውና ውሃው በደረቁ ወንዝ ወደ ሐይቁ መውረድ ጀመረ። ግሌኒስ ሬዲዮኑን ዘግታ ወደ ጋራዤ መጣች።

"ሊንዚ፣ እየሞላ ነው።"

"ሰማሁ።"

"ዘንድሮ ካላየሁት አላየውም። ታውቃለህ።"

"እንሄዳለን አልኩሽ! ምን ያስቸኩልሻል?"

በዚያው ሳምንት ባለሁለት ዲፍረንሻል መኪና ገዛሁ። ጠንካራ፣ በደንብ የተያዘች። ግሌኒስ በማግስቱ ብርድ ልብስ አጥፋ፣ የዘቢብ ኬክ ጋግራ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በር ላይ አስቀመጠችው። ከምንኖርበት ከፖርት ኦገስታ እስከዚያ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው። ያን ቀን ቁልፉን አዙሬ ብንሄድ ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራም።

ግን እኛ ዘንድ መኪና ሲገዛ ተጀመረ ነው የሚባለው፣ አለቀ አይባልም። ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ ቢራውን ይዞ ይመጣል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ የጎደለውን ይናገራል። ምንም አልጎደላትም ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። የእኛ ቤት ሊቀ መንበር ዱጋል ነው፤ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር።

"በዚህ ፓራውልት ነው በረሃ የምትገባው?" አለኝ፣ የፊት መከላከያውን በእግሩ ነካ እያደረገ። "አንድ ካንጋሮ ይግባብህና ራዲያተርህን ጭንህ ላይ ታቅፈኸው ትመጣለህ።"

"አንተ ደግሞ ታሟርታለህ።"

"እኔ ምን አገባኝ! ሚስትህን ይዘህ በረሃ መሃል ስትቀር እኔ ሶፋዬ ላይ ነኝ።"

የብረት ፓራውልት አሠራሁ። ብረቱ ከበደና የመኪናዋ ፊት ዝቅ አለ፤ ሞላዎቹን ቀየርኩ። ፍሪጅ ገባ፤ ፍሪጅ ባትሪ ይፈልጋል፣ ሁለተኛ ባትሪ ገባ። የውሃ ታንከር። ተጨማሪ የነዳጅ ታንከር። ከጭቃ የሚጎትት ካቦ። ከኋላ ባለመሳቢያ ሣጥን፣ እያንዳንዱ መሳቢያ የራሱ መቆለፊያ ያለው። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ጣራው ላይ ጎማዎቹን የሚሸከም ፖርቶመጋላ። አንዱን ስጨርስ አንዱ ይወልዳል። ግሌኒስ በየጠዋቱ ብቅ ትልና "ዛሬስ?" ትለኛለች፤ እኔ ከመኪናዋ ሥር ሆኜ "ይቺን ብቻ" እላለሁ።

ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል? አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው። የእሷን ዓይን ምንም ላደርገው አልችልም፤ በመፍቻ አይፈታ፣ በብየዳ አይያዝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? መኪናዋን ያዝኩ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ታንከሮቹን ሞልቼ፣ ሁሉን ጭኜ፣ ስንዴ መጋዘኑ ጋ ያለው የመኪና ሚዛን ላይ አወጣኋት። ሚዛን ጠባቂው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"በሕግ የምትችለው ክብደት ሊሞላ ሃያ ኪሎ ቀርቶሃል። ሚስትም ይዘህ ትሄዳለህ?"

"ያለ እሷማ ለምን እሄዳለሁ!"

"እንግዲህ አንድ እግሯን ውሰድ" ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። "ለእኔ ጉዞ ሁሉን ጭነህ እኔን ትተኸኝ ልትሄድ ነበር?" አለች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። "አውርደው ሊንዚ። ሁሉንም አውርደው። ብርድ ልብስና ማንቆርቆሪያ ይበቃናል። ነገ እንሂድ።"

"በረሃ እኮ ነው።"

"ያደግኩበት ነው! እናቴ በአሮጌ ፒካፕ አራት ልጅ ጭና ትመላለስበት ነበር።"

"እናትሽ ዕድለኛ ነበረች።"

አላወረድኩም። የሁለት ወር ልፋቴን ማውረድ ሽንፈት መሰለኝ። ዱጋልም መፍትሔ ነበረው፤ ክብደቱን የሚሸከም ወፍራም ባሌስትራ ከነሞላው ከአደላይድ ይመጣል፣ መርማሪ ያየዋል፣ የሚፈቀድልህ ክብደት በሕግ ከፍ ይላል። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስድስት ሳምንት። አዘዝኩ። ግሌኒስ ማንቆርቆሪያውን ከበሩ ላይ አንስታ ወደ ማድቤት መለሰችው።

ያ የማልረሳው ቀን ማክሰኞ ነበር። ዕቃው ከታዘዘ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ የፖርቶመጋላውን ብሎን አጠብቃለሁ። ግሌኒስ ሻይ ይዛልኝ መጣች፣ ቀና አለች፣ ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

"ያ ብረት ጎብጧል" አለች።

"የቱ?"

"የፊተኛው። መሃሉ ወደ ታች ገባ ብሏል።"

በገንኩ። ሦስት ቀን የለካሁት ሥራ ነዋ! "የቱ ጋ ነው የጎበጠው? የበየድኩት እኔ፣ የለካሁት እኔ!"

"እንጃ፣ እኔ የታየኝን ነው ያልኩህ።"

ከመሰላሉ ወረድኩ፣ ውሃ ልኩን ከመሣሪያ ሣጥኔ አወጣሁ፣ ተመልሼ ወጣሁና ብረቱ ላይ አስቀመጥኩት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። "ነይ እዪ! ነይ! ፀጉር እንኳ አልተዛነፈም። ይልቅ መነጽርሽን ጥረጊ።" ይህን አፌ ተናገረው። አፈር ልብላበት።

ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየች። "አንተ ስለ ብረት ካልክማ" አለች። ሻዬን መሰላሉ ሥር አስቀምጣ ገባች። ማታ እራት ስንበላ እንኳ እኔ የተቀየምኩ ነኝ፣ እኔ! ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ተሰደበብኝ ብዬ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ሻይ ስትቀዳ ከስኒው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዳችው። ትኩሱ ሻይ ጭኔ ላይ ሲወርድ ብድግ ብዬ ጮህኩ። እሷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች።

"ሊንዚ፣ ፊትህ የለም" አለችኝ። "ዙሪያው አለ፤ ፊትህ ግን የለም።"

ያኔ ነው ብረቱ ትዝ ያለኝ። ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀብዬ የመኪናውን ቁልፍ ፈለግኩ።

ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት ሲመረምር ቆየና ወደኋላ ተደገፈ። "ደም ፈስሶ ጠባሳ ሠርቷል። መርፌውን እንሰጣለን፣ ግን የጠፋውን አይመልሰውም። መቼ ነው የጀመረው?" ግሌኒስ ናት የመለሰችው። "ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ቀጥ ያለ ነገር ጎብጦ ታየኝ፤ ድካም ነው ብዬ ተውኩት" አለች።

እኔን አላነሳችም! ብትሰድበኝ፣ እዚያው ሐኪሙ ፊት ብታዋርደኝ ምንኛ በወደድኩ። ሐኪሙ ግን እኔን አየኝ፤ ያየኝም ያን ቀን "ገባኝ" ያልኩትን ሰው እያስታወሰ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ እሷ ጀርባዬን ትደባብሰኛለች።

ባሌስትራው በቀጠሮው ቀን መጣ። ሳጥኑን ሳልከፍተው ጋራዡ ጥግ ተውኩት። ፍሪጁን፣ መሳቢያውን፣ ታንከሩን፣ ትርፍ ጎማውን ሁሉ እየነቀልኩ አወጣሁ። ዱጋል በአጥር ላይ አይቶኝ መጣና በሌላው ወገን ያዘልኝ። ግሌኒስ ድምፁን ሰምታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች።

"እንሂድ" አለች።

"ምን ልታደርጊ?" አልኳት። እንዲህ ይባላል? ብዬው ነው የነቃሁት።

"ላሽትተው። ነፋሱን ልስማው። አንተ ደግሞ ዓይን አለህ አይደል? ትነግረኛለህ።"

ሄድን። ከማሪ ወዲያ መንገዱ የተደለደለ ጠጠር ነው፣ ደረቅ፣ ሰፊ። ለጭቃ ብዬ የተሰናዳሁት ሰውዬ አንዲት ኩሬ እንኳ አላገኘሁም። ሁለተኛውን ዲፍረንሻል ለአንዲት ደቂቃ አላስገባሁትም። ግሌኒስ መስኮቱን ከፍታ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ነበር። ስንደርስ አንዲት ትንሽዬ የከተማ መኪና፣ ጎማዋ የእኔን ግማሽ የማያህል፣ ውሃው ዳር ቆማለች። አጠገቧ ሁለት አሮጊቶች በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

"ከየት ናችሁ?" አልኳቸው።

"ከሜልበርን" አለችኝ አንደኛዋ፣ ባርኔጣዋን ቀና አድርጋ።

"በዚህች?"

"ምነው፣ ምን ሆነች? አንዴ ጎማ ተነፈሰብን፣ ቀየርነው።"

ግሌኒስን ክንዷን ይዤ ወደ ዳር ወሰድኳት። ውሃው እስከ ሰማዩ ድረስ ነበር። ጫማዋ እርጥቡ ጨው ላይ ሲሰማት ቆመች።

"ደረስን?"

"ደረስን።"

"ብርሃን ይታየኛል፤ ከጎን ከጎኑ ነጭ ነገር። በል ንገረኝ።"

"ውሃ ነው" አልኳት።

"እሺ፣ ውሃ ነው። ሌላስ?"

"ብዙ ነው።"

"ወፎች አሉ?"

"አሉ።"

"ምን ያህል?"

"ብዙ።"

ጠበቀችኝ። ክንዴን የያዘችበት እጇ ጠበቅ አለ። የዚያችን መኪና እያንዳንዷን ብሎን በስም ጠርቼ ልነግራት እችል ነበር፤ ይህን ግን እንዴት ብዬ ልበለው? በሕይወቴ አንድም ነገር ለማንም እንዲታይ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። አርባ ሁለት ዓመት እያየች የነገረችኝ እሷ ነበረች። "ሰፊ ነው" አልኳት በመጨረሻ። እጇ ክንዴ ላይ ላላ።

ባርኔጣ ያደረገችው አሮጊት ስኒዋን መሬት ላይ አስቀምጣ መጣች። እኔን አላየችኝም። "ነይ እህቴ" አለች፣ የግሌኒስን ሌላ ክንድ ያዘች። "ነይ እኔ ልንገርሽ። ጫማሽን አውልቂ፣ እዚህ ጋ ስስ ነው፣ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።" ግሌኒስ ጫማዋን አወለቀች። ከእኔ ክንድ ወጥታ ከሴትየዋ ጋር ውሃው ውስጥ ገባች፣ ሁለቱ እየተደጋገፉ፣ ቀስ እያሉ። ሴትየዋ በእጇ ታሳያለች፤ ለማታይ ሰው በእጇ ታሳያለች፣ ግሌኒስም ጭንቅላቷን ወደዚያ ታዞራለች። አንድ ጊዜ ሳቀች። አንድ ጊዜ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከዳር አየሁት። ምን እንደተባለች ነፋሱ ወስዶት አልሰማሁም።

ሲመለሱ ቀሚሷ እስከ ጉልበት ርሷል። ጫማዋን አቀበልኳት። ወደ መኪናው እየሄድን መታገስ አቃተኝ።

"ምን አለችሽ?"

"ያየችውን" አለችኝ፣ ሳትቆጣ፣ የበሩን እጀታ በዳበሳ እየፈለገች።

በሩን ከፈትኩላት።